ሌሊት የሚያበራው ሰማያዊ አበባ፦ በምናብ ዓለም ለሚበቅል ጌጠኛ ተክል የትኛው ባሕርይ ይቁም፣ የትኛው ይውጣ?

ጥያቄ፦ «በምናባዊ ዓለም ውስጥ የሚካሄድ ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው። በታሪኩ ውስጥ ማኅቶተ ሌሊት የሚባል አበባ አለ። ጥቁር ሊባል የሚቃረብ ደማቅ ሰማያዊ ነው፤ ከምሽት እስከ ንጋት በራሱ ብርሃን ያበራል፤ በመቶ ዓመት አንዴ ብቻ ያብባል፤ በከተማው ውስጥ በእያንዳንዱ ቤት ደጃፍ ለጌጥ ተተክሏል፤ ሌሊት ሌሊት ንቦች ይሰፍሩበታል፤ ከአበባው የሚፈላ ሻይ ልቡን የሚያመውን ሰው ይፈውሳል። በመጨረሻ ከተማው ሲቃጠል ዋናዋ ገጸ ባሕርይ የአበባውን ዘር በኪሷ ይዛ ትሸሻለች። የዕፅዋት ባለሙያ ይህን ቢያነብ ይስቃል? የትኛውን ልያዝ፣ የትኛውን ልተው?»

ምላሽ፦

ከጥያቄዎ አቀራረብ እንደሚታየው ዋናው እንቅፋት ብርሃኑ መስሎዎታል። ብርሃኑ የራሱ ችግር አለበት፤ እመለስበታለሁ። ከዝርዝሩ ውስጥ ፈጽሞ አብረው ሊቆሙ የማይችሉት ግን «በመቶ ዓመት አንዴ» እና «በእያንዳንዱ ቤት ደጃፍ ለጌጥ» የሚሉት ሁለቱ ናቸው። የመጀመሪያው የዱር ተክል ጠባይ ነው፤ ሁለተኛው የሰው እጅ ሥራ ነው። ጌጠኛ አበባ የሚባለው ሰው ከዱር አምጥቶ፣ ከብዙ ችግኝ መካከል ደስ ያለውን መርጦ፣ የመረጠውን አብዝቶ፣ ከዚያም ውስጥ እንደገና እየመረጠ ለትውልዶች የሠራው ተክል ነው። ስለዚህ ለአበባዎ የሚሰጡት እያንዳንዱ ባሕርይ ከሁለት ጥያቄዎች ቢያንስ አንዱን መመለስ ይኖርበታል፦ ተክሉ በዱር ሳለ ይህ ባሕርይ ምን ይጠቅመው ነበር? ወደ ግቢ ከገባ በኋላስ አትክልተኛው ምን ለወጠበት? ለአንዱም መልስ የሌለው ባሕርይ ምንም ያህል ቢያምር በታሪኩ ውስጥ እንደተለጠፈ ይቀራል።

በረጅም ዘመን አንዴ ማበብ በተፈጥሮ ውስጥ አለ። በምሥራቅ እስያ የሚበቅል አንድ ትልቅ የቀርከሃ ዝርያ የሚያብበው በ120 ዓመት አንዴ ገደማ ነው። በአንዲስ ተራሮች ላይ የሚገኘው ፑያ ራይሞንዲ በርካታ አሥርት ዓመታት ሾኻማ ቅጠል ብቻ ሆኖ ይቆይና እስከ 10 ሜትር የሚደርስ የአበባ ዘንግ አውጥቶ፣ ዘሩን በትኖ ይሞታል። በአንጻሩ «የመቶ ዓመት ተክል» እየተባለ የሚጠራው አጋቬ አሜሪካና ዝናው ከሥራው ይበልጣል፤ ብዙውን ጊዜ የሚያብበው ከ10 እስከ 30 ዓመት ባለው ዕድሜው ነው። ከነዚህ ሁሉ መያዝ ያለብዎት ነጥብ ግን ከቁጥሩ ይልቅ ፍጻሜው ነው። ዘመን ቆጥረው የሚያብቡ ተክሎች አብዛኞቹ አንዴ አብበው ይሞታሉ፤ ለዓመታት በግንዳቸውና በሥራቸው ያጠራቀሙትን ምግብ ጠርገው ለአበባና ለዘር ያውሉታል። በአንድ ዓመት በጅምላ የሚያብቡት ደግሞ ዘር በላተኞችን ለማሸነፍ ነው ተብሎ ይታመናል፤ አይጥ፣ ወፍና ነፍሳት በልተው ሊጨርሱት የማይችሉት ዘር በአንድ ወቅት መሬት ላይ ሲፈስ የተወሰነው መትረፉ አይቀርም።

አሁን ይህን ተክል ደጃፍ ላይ ያስቡት። የተከለው ሰው አበባውን ሳያይ ይሞታል፤ ልጁም ላያየው ይችላል፤ ዕድል ደርሶት ያየው የልጅ ልጅ ደግሞ በማግሥቱ የሚጠርገው ደረቅ ግንድ ይቀርለታል። ከዚህም የባሰው የዝርያ ምርጫው ጉዳይ ነው። አትክልተኛ የአበባን ቀለም ለመምረጥ የግድ አበባውን ማየት አለበት፤ አሥር ጊዜ ለመምረጥ አንድ ሺህ ዓመት የሚያስፈልገው ተክል ጌጠኛ ዝርያ የመሆን ዕድል የለውም። እንግዲህ ወይ መቶ ዓመቱን ይተዉና ደጃፉን ይያዙ፣ ወይም ደጃፉን ይተዉና አበባውን ሰው በማይደርስበት ተራራ ላይ ያቆዩት።

የእኔ ምክር መቶውን ወደ 12 ዝቅ ማድረግ ነው። ይህን ቁጥር ከባዶ አላመጣሁትም። በደቡብ ሕንድ ምዕራባዊ ጋቶች በሚባለው ሰንሰለታማ ተራራ ላይ ስትሮቢላንቴስ ኩንቲያና የሚባል፣ በአካባቢው አጠራር ኒላኩሪንጂ የሆነ ቁጥቋጦ አለ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ዓይን የማይስብ አረንጓዴ ሆኖ ይቆይና በአሥራ ሁለተኛው ዓመት ተራራውን በሙሉ ወይን ጠጅ ባዘለ ሰማያዊ አልብሶ፣ ዘሩን ጥሎ ይሞታል። በ2006 አብቧል፤ በ2018ም አብቧል (ዓመቶቹ በዚህ ጽሑፍ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አሥራ ሁለት ዓመት አንድ ሰው በዕድሜው አምስት ወይም ስድስት ጊዜ ሊያየው የሚችል ዘመን ነው፤ በልጅነቱ ያየውን፣ በሠርጉ ዓመት ያበበውን፣ በእርጅናው የጠበቀውን ሊያስታውስ ይችላል። ለልብ ወለድ ጸሐፊ ይህ ማንም ከማያየው መቶ ዓመት የበለጠ ይሠራል። ለአትክልተኛም ይበቃል፤ ትዕግሥት የሚጠይቅ ቢሆንም በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ የዝርያ ምርጫ ማድረግ ይቻላል።

ከዚህ ጋር ሁለት ነገሮችን ከሌሎች ተክሎች ይዋሱ። አንደኛው የአጋቬ ልማድ ነው፤ እናቲቱ አብባ ስትሞት ከሥሯ ዙሪያ የሚያቆጠቁጡ ልጆች ይቀራሉ፣ ስለዚህ ደጃፉ ባዶ አይሆንም። ሁለተኛው የቀርከሃ ቆጠራ ነው፤ ከአንድ እናት ተክል ተከፋፍለው በተራራቁ ቦታዎች የተተከሉ ቀርከሃዎች በተቀራረበ ጊዜ ማበባቸው የታወቀ ነገር ነው። ሰዓቱ የሚመጣው ከአፈሩ ሳይሆን ከተክሉ ውስጥ ነው ማለት ነው። ሁለቱን ካጣመሩ በከተማዎ ውስጥ ከአንድ እናት የመጣ ችግኝ ያላቸው ቤቶች በሙሉ በአንድ ዓመት ያብባሉ፤ ከሌላ እናት የተከለ ጎረቤት ሲኖር የእሱ ደጃፍ በሌላ ዓመት ለብቻው ያብባል፣ የችግኙም ምንጭ በአደባባይ ይታወቅበታል። የተሰረቀ ችግኝ ታሪክ ለመጻፍ ከፈለጉ ማስረጃው እዚሁ አለልዎ።

ወደ ብርሃኑ እንምጣ። በራሱ ብርሃን የሚያበራ አንድም የዱር አበባ አይታወቅም። የሚያበሩት ፍጥረታት ሌሎች ናቸው፦ አንዳንድ ነፍሳት፣ ብዙ የባሕር እንስሳት፣ ባክቴሪያዎች እና ከመቶ በላይ የሚሆኑ የእንጉዳይ ዝርያዎች። ከእንጉዳዮቹ አንዱ በብራዚል የሚበቅለው ብርሃኑን ሌሊት አጠንክሮ ቀን ላይ የሚያደክመው ሲሆን፣ በ2015 የታተመ ጥናት እንዳሳየው በብርሃኑ የሚሳቡ ነፍሳት በላዩ ላይ ሲያርፉ ዘሩን የማሰራጨት ዕድል ያገኛል። ይህ ለጸሐፊ ጠቃሚ ፍንጭ ነው፤ ብርሃን በተፈጥሮ ውስጥ ሲገኝ አንድ የሚያየው ዓይን ይጠበቃል።

ሰው ግን የሚያበራ ተክል ሠርቷል። በ1986 የእሳት ዝንብን ዘረመል የተቀበለ የትምባሆ ተክል ታይቷል፤ ሆኖም ብርሃኑን የሚያመነጨው ንጥረ ነገር ከውጭ ካልተሰጠው አያበራም ነበር። በ2020 ይፋ የሆነው ሥራ ይህን ችግር ፈታው፤ ከሚያበራ እንጉዳይ የተወሰዱ ዘረመሎች ተክሉ ራሱ ካለው ካፌይክ አሲድ ተነሥተው ብርሃን ሰጪውን ንጥረ ነገር ስለሚሠሩ፣ ተክሉ ከችግኝነቱ ጀምሮ ምንም ሳይጨመርለት ያበራል። በዚሁ መንገድ የተሠራ ፔቱኒያ ከ2024 ጀምሮ በአሜሪካ ለጌጥ እየተሸጠ ነው። ስለዚህ «የሚያበራ ጌጠኛ አበባ» የሚለው ሐሳብዎ ዛሬ ቅዠት አይደለም። ልክ ያልሆነው አኳኋኑ ነው። ብርሃኑ አረንጓዴ ነው፤ ደካማም ነው፤ ዓይን ጨለማን እስኪለምድ ድረስ ብዙ ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል፣ መብራት ባለበት መንገድ ላይ ደግሞ ጭራሽ አይታይም። በላዩ ላይ ደማቅ ሰማያዊ ቀለም ሲጨመር፣ ቀለሙ ከአረንጓዴው ብርሃን የተወሰነውን መልሶ ይውጠዋል። በከተማዎ በእያንዳንዱ ደጃፍ ፋኖስ የሚያስንቅ ብርሃን እንዲወጣ ከፈለጉ ያንን አስማት ብለው ይጥሩትና ይለፉ፤ በዕፅዋት ሳይንስ ለመደገፍ መሞከር ግን ያስነቅፍዎታል።

እኔ ብሆን ብርሃኑን አውጥቼ እጥለውና በምትኩ እውነተኛውን የድንግዝግዝ ክስተት እጠቀም ነበር። የሰው ዓይን ቀን ላይ የሚያየው በአንድ ዓይነት ሕዋሳት፣ በጨለማ የሚያየው ደግሞ በሌላ ዓይነት ሕዋሳት ነው። የቀኖቹ ሕዋሳት ከሁሉ በላይ የሚነቁት በ555 ናኖሜትር ገደማ ባለው ቢጫ አዘል አረንጓዴ ብርሃን ሲሆን፣ የሌሊቶቹ ግን ወደ ሰማያዊው ቀረብ ብሎ በ507 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ ለቀይ ብርሃን ከሞላ ጎደል ዕውር ናቸው። የቼኩ ሳይንቲስት ያን ፑርኪንዬ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ የገለጸው ይህ ሽግግር በማንኛውም የአትክልት ቦታ ሊታይ ይችላል። ቀይ ጽጌረዳና ውኃ ሰማያዊ አበባ ጎን ለጎን ባሉበት ስፍራ ጀንበር ከጠለቀች በኋላ ዓይንዎን ሳያነሡ ይቁሙ። በመጀመሪያ የሚከስመው ጽጌረዳው ነው፤ ቀዩ ቡናማ፣ ቡናማው ጥቁር ይሆንና በቁጥቋጦው ላይ ጉድጓድ የተቆፈረ ያህል ይጠፋል። ሰማያዊው በዚያው ሰዓት ከዙሪያው ቅጠል ይልቅ እየፈካ ይመጣል፣ ከቅርንጫፉ የተላቀቀም ይመስላል። ብርሃን አላመነጨም፤ የተለወጠው ተመልካቹ ዓይን ነው። አንባቢዎ ይህን በገዛ ዓይኑ አይቶት ያውቃል፣ ልብ ባይለውም እንኳ።

ለዚህ የቀደመ ምስክርም አለ። የታዋቂው የዕፅዋት ሊቅ የካርል ሊኔየስ ልጅ ኤሊሳቤጥ ክሪስቲና በ1762 በምሽት የናስተርሺየም አበቦች ብልጭ ብልጭ ሲሉ ማየቷን ጽፋ በስዊድን ንጉሣዊ የሳይንስ አካዳሚ አማካይነት አሳትማለች። ለመቶ ሃምሳ ዓመት ያህል ብዙዎች ነገሩን የኤሌክትሪክ ብልጭታ ነው ብለው ሲያስቡ ቆዩ፤ በ1914 አንድ ጀርመናዊ ፕሮፌሰር ብልጭታው ከአበባው ሳይሆን ደማቁን አበባ ከአረንጓዴው ቅጠል ጋር በድንግዝግዝ ከሚያየው ዓይን እንደሚመጣ አስረዱ። የከተማዎ ሰዎች አበባው ያበራል ብለው በሙሉ ልብ ቢያምኑ፣ አንድ ተጠራጣሪ ደግሞ በድቅድቅ ጨለማ ክፍል አስገብቶ ቢፈትነውና ምንም ባያይ፣ ይህ በእውነተኛው ዓለም ከደረሰው ብዙ አይርቅም።

አንድ እርማት ግን የግድ ያስፈልጋል። «ጥቁር ሊባል የሚቃረብ ደማቅ ሰማያዊ» ለዚህ አይሆንም። ጠቆር ያለ ቀለም የሚመልሰው ብርሃን ትንሽ ስለሆነ በምሽት ከቀዩ ጋር አብሮ ይጠፋል። አበባው ፈዘዝ ያለ፣ ወደ ነጭ የሚያደላ ሰማያዊ ይሁን።

የሰማያዊነቱ ምንጭ ራሱ ከሁሉ ይልቅ ለታሪክ የሚመች ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ሰማያዊ አበባ በተፈጥሮ ብርቅ ነው፤ ከሚያብቡ ተክሎች ሰማያዊ አበባ ያላቸው ከአሥር በመቶ በታች እንደሆኑ ይገመታል። ምክንያቱም አብዛኛው ሰማያዊ የተለየ ሰማያዊ ንጥረ ነገር ኖሮት ሳይሆን፣ ቀይና ወይን ጠጅ የሚሰጡት አንቶሳያኒን የሚባሉ ቀለሞች በብዙ ማባበል ሰማያዊ ሆነው መምጣታቸው ነው። በስንዴ ማሳ መካከል የሚበቅለው ኮርንፍላወር የሚባለው የአውሮፓ ሰማያዊ አበባ ቀለሙን የሚያገኘው ቀይ ጽጌረዳን ከሚያቀላው ከዚያው ከሳያኒዲን ነው፤ ልዩነቱ በእሱ ውስጥ ቀለሙ ከብረት፣ ከማግኒዚየምና ከካልሲየም ጋር ተሳስሮ መቀመጡ ነው። አይፖሚያ ትሪከለር የሚባለው ሐረግ ደግሞ እምቡጡ ቀይ ወይን ጠጅ ሆኖ ሳለ በሚፈነዳበት ጊዜ በመልካበባው ሕዋሳት ውስጥ ያለው ፈሳሽ ከፒኤች (የአሲዳማነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) 6.6 ወደ 7.7 ከፍ ሲል ጥርት ያለ ሰማያዊ ይሆናል። ጽጌረዳ ዴልፊኒዲን ለሚባለው ወደ ሰማያዊ ለሚያደላ አንቶሳያኒን የሚያስፈልገውን ኢንዛይም ስለማይሠራ በማዳቀል ብቻ ሰማያዊ ሊሆን አልቻለም፤ ከፓንዚ አበባ በተወሰደ ዘረመል የተሠራውና በ2009 በጃፓን ለገበያ የቀረበው «ሰማያዊ ጽጌረዳ» እንኳ ሲያዩት ፈዛዛ ወይን ጠጅ ነው። (ቀለም ሳይኖር በጥቃቅን የሕዋስ ግድግዳ አሠራር ብቻ የሚገኝ ሰማያዊም አለ፤ በአፍሪካ ደኖች የሚበቅለው የፖሊያ ኮንደንሳታ ፍሬ እንደ ብረት የሚያብለጨልጨው በዚህ ነው። ለአበባዎ ግን አልመክረውም፤ ከአፈርና ከወቅት ጋር የሚለዋወጥ ቀለም ለታሪክ ይበልጥ ይመቻል።)

ለእርስዎ የሚስማማው የሃይድራንጂያ መንገድ ነው። ይህ ተክል አሲዳማ በሆነ አፈር ላይ፣ ማለትም ፒኤቹ ከ5.5 በታች ሲሆን፣ በአፈሩ ውስጥ ያለው አሉሚኒየም ስለሚሟሟለት በሥሩ መጥጦ ወደ አበባው ያደርሰዋልና ሰማያዊ ያብባል። ኖራ በበዛበት አፈር አሉሚኒየሙ ስለሚታሰር ያው ተክል ሮዝ ያብባል። ማኅቶተ ሌሊት በተራራው ላይ ሰማያዊ ሆኖ፣ በኖራ ድንጋይ በተሠራችው ከተማ ውስጥ ሮዝ እየሆነ የሚያስቸግር ቢሆን፣ ሰማያዊ ደጃፍ ያለው ቤት የተራራ አፈር በጭነት የማስመጣት አቅም ያለው ቤት ብቻ ይሆናል። የሀብት ልዩነትን በአንድ መንገድ ላይ ለማሳየት ከዚህ የቀለለ ዘዴ አያገኙም። እዚህ ላይ ብዙ ጸሐፊ የሚሳሳተው በፍጥነቱ ነው፤ አፈሩ ዛሬ ቢቀየር የተከፈተው አበባ ነገ አይቀየርም። ለውጡ የሚታየው በሚቀጥለው አበባ ላይ ነው፣ ይህም በእርስዎ ተክል እስከ 12 ዓመት ሊሆን ይችላል።

ንቦቹን ይተዉ። በሞቃታማ አገሮች ሌሊት የሚሠሩ ጥቂት የንብ ዝርያዎች ቢኖሩም የማር ንብ በሌሊት አበባ አይቀስምም። በጨለማ የሚከፈት፣ ፈዘዝ ያለ ቀለም ያለውና መዓዛው ምሽት ላይ የሚጠነክር አበባ የሚጠብቀው የእሳት እራትን ነው። ሰማያዊነቱም ከንቱ አይሆንም፤ ከጭልፊቴ የእሳት እራቶች አንዷ በከዋክብት ብርሃን ብቻ ቀለም መለየት እንደምትችል በ2002 በተሠራ ሙከራ ተረጋግጧል። በአበባና በእሳት እራት መካከል ያለው ትስስር ምን ያህል ሊጠብቅ እንደሚችል የማዳጋስካሩ ኦርኪድ አንግሬኩም ሴስኪፔዳሌ ይመሰክራል። የአበባው ማር ያለው 30 ሴንቲሜትር ገደማ በሚረዝም ቀጭን ቱቦ ጫፍ ላይ ነው። ቻርልስ ዳርዊን በ1862 ይህን አይቶ ይህን ያህል የሚረዝም ምላስ ያላት የእሳት እራት በዚያች ደሴት መኖር አለባት ሲል ጻፈ፤ ነፍሳቷ በሳይንስ የተመዘገበችው እሱ ከሞተ ከሁለት አሥርት ዓመታት በኋላ በ1903 ነበር። ለአበባዎ እንዲህ ያለች አንዲት የተራራ የእሳት እራት ይስጡት። ያን ጊዜ ከተማ ውስጥ የተተከለው አበባ ያምራል፣ ይሸታል፣ ነገር ግን ርክበ ብናኝ ስለማይካሄድለት ዘር አይቋጥርም።

ይህ ወደ አትክልተኛው እጅ ያደርሰናል። በዱር ያለው ማኅቶተ ሌሊት አምስት ቀጫጭን መልካበባ ያለው፣ መንገደኛ ልብ ብሎ የማያየው አበባ ቢሆን ይሻላል። የደጃፉ ግን ድርብርብ መሆን አለበት፤ የትም ዓለም ቢሆን አትክልተኛ መጀመሪያ የሚመርጠው የሞላ አበባ ነው። ድርብነት የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ወንዴ ዘር ይሆኑ የነበሩት ክፍሎች ወደ መልካበባነት ሲለወጡ ነው። እንዲህ ያለ አበባ ብናኝ አያመርትም፤ ሲብስ ማሩም ይቀራል፣ ለነፍሳት የሚሰጠው ነገር አይኖረውም። ዘር ስለሌለውም የሚበዛው ከሥሩ የሚወጡትን ቡቃያዎች ገንጥሎ በመትከል ብቻ ነው። በሌላ አነጋገር በከተማዎ ከአንድ እናት የመጡት አበቦች ሁሉ በብዙ ደጃፍ የቆመ አንድ ተክል ናቸው፤ አንዱን የገደለ በሽታ ሁሉንም ይገድላል።

ስለ በሽታ ከተነሣ የቱሊፕን ታሪክ ማለፍ አይቻልም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በኔዘርላንድስ ሸማቾችን ያሳበደው ባለ ነበልባል ዥንጉርጉር ቱሊፕ፣ በየካቲት 1637 ገበያው እስኪፈርስ ድረስ የአንዱ ኮረት (እንደ ሽንኩርት ያለው የሚተከለው ክፍል) ዋጋ ሰማይ የነካው፣ መልኩን ያገኘው ከበሽታ ነበር። ቫይረስ የመልካበባውን ቀለም በየቦታው ስለሚያግደው ነጩ ወይም ቢጫው ሥረ መሠረት ይታያል፤ በዚያው ልክ ኮረቱ ከዓመት ዓመት እየኮሰሰ ይሄዳል። በ1928 ዶሮቲ ኬይሊ መንሥኤው ከአንዱ ኮረት ወደ ሌላው የሚተላለፍ በሽታ መሆኑን አሳየች፤ የሚያስተላልፈውም ክሽክሽ የሚባለው የተክል ተባይ እንደሆነ ታወቀ። ከሁሉ ውዱ አበባ የታመመው አበባ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ መማር ይቻላል። ለማኅቶተ ሌሊት ነጭ ሰረዝ ያለበት ብርቅ ዓይነት ቢፈጥሩለትና ባለጸጎች እየተሻሙ ወደየግቢያቸው ሲያስገቡት የከተማውን አበባ በሙሉ ቢበክሉ፣ ለጥፋቱ እሳት እንኳ ላያስፈልግዎ ይችላል።

ስለ ሻዩ የምለው አጭር ነው፤ ግን ማስጠንቀቂያ ነው። ልብን የሚያክም ተክል አለ፦ ዊልያም ዊዘሪንግ በ1785 ጥቅሙን የጻፈለት ዲጂታሊስ። ልብን የሚያግዘው ንጥረ ነገር በጥቂቱ ሲበዛ ያንኑ ልብ ያቆመዋል፣ በቅጠሉ ውስጥ ያለው መጠንም ከተክል ተክል ይለያያል። ስለዚህ በታሪክዎ ውስጥ ሻዩን ማንም አፍልቶ የሚድንበት ነገር አያድርጉት፤ የሚያውቅ አዋቂ በጠብታ የሚሰጠው፣ የማያውቅ ሰው የሚሞትበት ይሁን። አበባውንም በምንም ምክንያት ከእውነተኛ ተክል ጋር በመልክ አያመሳስሉት፣ የአፈላሉን መጠንና አሠራርም አይዘርዝሩ። በልብ ወለድ ያነበበውን በግቢው ባለ ተክል የሚሞክር አንባቢ ሁልጊዜ አለ።

የቀረው የሽሽቱ ትዕይንት ነው። ዘር በደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ እጅግ ረጅም ዕድሜ ሊኖረው እንደሚችል አከራካሪ አይደለም፤ በእስራኤል ካለው የማሳዳ ጥንታዊ ምሽግ ፍርስራሽ የተገኘ 2000 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የቴምር ዘር በ2005 በቅሏል። ችግሩ ገጸ ባሕርይዎ በኪሷ የምታስገባው ዘር አለመኖሩ ነው። የደጃፉ አበባ ድርብ ነው፣ የእሳት እራቷም ከተማ ውስጥ የለችም። ልትይዝ የምትችለው ከሥሩ የተገነጠለ ቡቃያ ነው። ቡቃያ ደግሞ በኪስ አይያዝም፤ ሥሩ ከአፈሩ ጋር በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ከፀሐይ ተሸፍኖ፣ በየቀኑ ውኃ እየተርከፈከፈለት ቢበዛ ለጥቂት ሳምንታት ይቆያል እንጂ ወራት አይችልም። ይህ ጉዞዋን ያሳጥረዋል፣ ለራሷ ከምትጠጣው ውኃ ላይ እንድትቀንስ ያስገድዳታል፣ አሲዳማ አፈር ያለበት ስፍራ እንድትፈልግም ያደርጋታል። ከተማው የተቃጠለው ካለፈው አበባ በዘጠነኛው ዓመት ከሆነ ደግሞ ቡቃያው የእናቱን ቆጠራ ይዞ ስለሚሄድ፣ የትም ብትተክለው በሦስተኛው ዓመት ያብባል። ምዕራፎቹን ሲያደራጁ ከእሳቱ እስከ መጨረሻው ትዕይንት ያለውን ጊዜ በዚህ ልክ ይቁጠሩት፤ ቀለሙ ሰማያዊ ወይም ሮዝ መሆኑን የሚወስነው እሷ የመረጠችው አፈር ይሆናል።